ከቆራሌው ሚዛን እስከ ባዛሩ ጠረጴዛ፦ አሮጌ ዕቃ አዳማ ላይ ለምን ገዢ በዛለት?

አዳማ ውስጥ ዕድሜውን በመሥሪያ ቤት የጨረሰ አንድ የአማርኛ ታይፕራይተር ከባለቤቱ እጅ የሚወጣባቸው ሦስት በሮች አሉ። አንደኛው የቆራሌው በር ነው። የቢሮ ታይፕራይተር ከ15 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ቆራሌው በዕለቱ የብረት ዋጋ አስልቶ ይከፍላል፤ ታይፕራይተሩም ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር ወደ ማቅለጫ ይጫናል። ሁለተኛው የሚሠራበት ሰው በር ነው። ድሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ይገዙት ነበር፤ ዛሬ እነሱም ወደ ኮምፒውተር ስለዞሩ ይህ በር ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። ሦስተኛው የሰብሳቢው፣ የካፌ ባለቤቱና የፎቶ ስቱዲዮው በር ነው። በሦስቱም የሚወጣው ያው አንድ ዕቃ ነው፤ የሚለየው ሻጩ ስለ ዕቃው መናገር የሚችለው ነገር ነው።

ሻጩ «የድሮ ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ብቻ ካለ ገዢው በልቡ ኪሎውን ማስላት ይጀምራል። ነገር ግን ወረቀት አስገብቶ፣ የአማርኛው ታይፕራይተር ብዙውን ፊደል በሁለት ምት እንደሚሠራ፣ መጀመሪያ ግንዱን ቀጥሎም ቅጥያውን እንደሚመታ ካሳየ ወሬው ይቀየራል። የአማርኛን ፊደል በማሽን ለማስጻፍ የመጀመሪያውን ሥራ የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ዋናው ችግር ይኸው ነበር፦ ከ200 የሚበልጡ ፊደላትን ከ50 ባልበለጡ ቁልፎች ላይ ማስፈር። ስለዚህ የአማርኛ ታይፕራይተር የሚገዛ ሰው «ሀ ለ ሐ መ» ብቻ ጽፎ አይመለስም፤ የቅጥያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይመታል። ቅጥያው ከግንዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ፈንጠር ብሎ ካረፈ የመዶሻው ክንድ ተጣሟል ማለት ነው፤ ይቃናል፣ ግን ባለሙያ ይፈልጋል። ወረቀቱ የሚጠቀለልበት ጎማ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከደረቀ ፊደሉ ወረቀት ይበሳል። የቀለም ሪባን ብዙ ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለሆነ አሁንም አይጠፋም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሻጭ ታይፕራይተሩን ከኪሎ ዋጋ አውጥቶታል።

የጥንታዊ ዕቃ ባዛር የሚባለው ነገር ሥራው ይህን ወሬ ማስተላለፍ ነው። ሰው እየበዛ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

ለምን አሁን?

ብዙዎች ቶሎ የሚሰጡት መልስ ናፍቆት ነው። ናፍቆት ግን ሁልጊዜም ነበረ፤ ለምን አሁን ብር እንደሚያስወጣ አያስረዳም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ የቤት ዕቃ ዋጋ ወደ ላይ ሄዷል። አብዛኛው አዲስ ቁም ሣጥን ደግሞ ከኤምዲኤፍ ወይም ከችፑድ ነው የሚሠራው። ችፑድ አንድ ጊዜ ከፈቱት ሁለተኛ ብሎን አይይዝም፤ ቤት ሁለት ጊዜ የቀየረ ተከራይ ይህን ያውቀዋል። ከዝግባ ወይም ከዋንዛ የተሠራ የ50 ዓመት ቁም ሣጥን አሥር ጊዜ ተፈትቶ ቢገጠም ጉዳት የለውም። እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የጥንት ፍቅር እንኳ ባይኖር አሮጌው ያዋጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የገዢው ዓይነት መለወጡ ነው። አዳማ የስብሰባና የመዝናኛ ከተማ ናት፤ ሆቴሎቿና ካፌዎቿ ይፎካከራሉ። ግድግዳው ላይ የቫልቭ ሬዲዮ፣ ፋኖስ፣ ግራሞፎንና ሲንጀር የደረደረ ካፌ ደንበኛው ፎቶ ያነሳለታል፤ ፎቶው ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ያለ ክፍያ ማስታወቂያ ይሆንለታል። እንዲህ ያለ ገዢ በአንድ ጊዜ 15 እና 20 ዕቃ ይወስዳል፣ ዕቃው ባይሠራም ግድ የለውም። ለሻጮች መልካም ዜና ነው፤ ለሰብሳቢዎች ግን ጥሩና ተራውን ዕቃ በአንድ ዋጋ ስለሚያስኬድ ራስ ምታት ሆኗል።

አቅርቦቱም ጨምሯል። የመንገድና የኮሪደር ልማት ሥራዎች አሮጌ ቤቶችን ሲያስነሱ፣ ወላጆች ሲያልፉና ልጆች ውርስ ሲካፈሉ፣ ለ40 ዓመት ቆጥ ላይ የተቀመጠ ሁሉ በአንድ ሳምንት ደጅ ይወጣል። ኮንዶሚኒየም ትልቅ ቡፌ አይችልም። ዕቃው በዚያ ሳምንት ዕውቀት ያለው ገዢ ካላገኘ በቀጥታ ወደ ልዋጭና ወደ ሚዛን ይሄዳል። የባዛሩ ተፎካካሪ ሌላ ባዛር ወይም የአዲስ አበባ ቅርሳ ቅርስ ሱቅ ይመስለን ይሆናል። እውነተኛው ተፎካካሪ ሚዛኑ ነው፤ ሚዛኑ በየሰፈሩ ይዞራል፣ ወዲያው ይከፍላል፣ ጥያቄ አይጠይቅም።

ቦታውም አዳማ መሆኑ ዝም ብሎ አይደለም። በሌላው ዓለም የታወቁት የጥንታዊ ዕቃ ገበያዎች ሁሉም በዋና ከተማ መሀል የሚደረጉ አይደሉም። የጣልያኑ አሬዞ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድና በዋዜማው ቅዳሜ ገበያውን የሚዘረጋ፣ ከፍሎረንስ ጥቂት ወረድ ያለ ከተማ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ያለችው ብሪምፊልድ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓመት ሦስት ጊዜ የምትሞላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከቦስተን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ቦታ ይረክሳል፣ ዕቃው ከገጠር ይመጣል፣ ገዢው ከዋና ከተማ በጠዋት ተነስቶ ማታ ይመለሳል። አዳማም ከአዲስ አበባ በዚያው ርቀት ላይ ናት፤ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ የሚመጣው መንገድ ይገናኝባታል። በዚያ ላይ የራሷ ዕቃ አላት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በመሀሏ አልፏል። በቅርብ ርቀት ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ተሠርቶ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሠራተኞቹ ጋር የቢሮና የቤት ዕቃ ይዞ መጥቷል።

የማይሸጠው የቱ ነው?

በዚህ ገበያ የሚገባ ሁሉ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ከዋጋ በፊት አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ነው። ቅርስን ስለማጥናትና ስለመጠበቅ የወጣው ይህ አዋጅ ቅርስን በግል መያዝን አይከለክልም፤ ነገር ግን ባለቤቱ እንዲያስመዘግብ፣ እንዲጠብቅ፣ ለሌላ ሰው ሲያስተላልፍ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥ ግን ክልክል ነው። መሬት ሲቆፈር፣ መሠረት ሲወጣ ወይም በሌላ አጋጣሚ የተገኘ ዕቃም የቆፋሪው አይደለም፤ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን መነገር አለበት።

ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት በዕድሜ ቁጥር ነው። ለጉምሩክ «ጥንታዊ» ማለት ከ100 ዓመት ያለፈ ዕቃ ነው፤ በዓለም አቀፉ የታሪፍ መጽሐፍ 97.06 በሚባለው ቁጥር ይመደባል። የእኛ አዋጅ ግን እንዲህ ያለ መቁረጫ አያስቀምጥም። ዕቃው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብና በእጅ ሥራ ያለውን ትልቅ ዋጋ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የ120 ዓመት ፋኖስ ተራ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ የ60 ዓመት አንድ ሰነድ ደግሞ ቅርስ። «100 ዓመት አልሞላውምና ችግር የለም» የሚለው የደላላ ወሬ እዚህ አገር አይሠራም።

በተግባር ባዛር ላይ ፈጽሞ መታየት የሌለባቸው ነገሮች ይታወቃሉ፦ የብራና መጻሕፍትና ቅጠሎቻቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የእጅና የመጾር መስቀል፣ ጽናጽልና ጽና፣ የመስጊድና የአውልያ መጻሕፍት፣ ከመቃብርና ከቁፋሮ የወጣ ማንኛውም ነገር። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ አውሮፓ ድረስ ሄዶ ነበር፤ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከጨለቆት ቤተ ክርስቲያን የወጣ ዘውድ ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ተገኝቶ በ2012 ዓ.ም. ገባ። እነዚህ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው የታወቀ ስለነበረ ተመለሱ። ፎቶ የሌለው ተራ የገጠር መስቀል ሲጠፋ ማን ይጠይቃል? አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ የተሰረቀ መስቀል ቢገኝ ፖሊስ የሚዘጋው ጠረጴዛውን ብቻ አይሆንም።

አዳማ ላይ ሌላ መስመር መጨመር ያስፈልጋል። የምድር ባቡሩን ማኅተም የያዙ ፋኖሶች፣ የምልክት መብራቶች፣ ደወሎችና የሐዲድ ክፍሎች ገበያ ይወዳቸዋል። ማኅተሙ ግን ውበትም ማስጠንቀቂያም ነው፤ ዕቃው የድርጅት ንብረት እንደነበረ ይመሰክራል። በሐራጅ ለመሸጡ ደረሰኝ ወይም የመውጫ ሰነድ ከሌለው አለመንካት ነው። ስለ ስኳር ፋብሪካ ዕቃም እንዲሁ።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይፈተሻል?

አዳማ ላይ ከሁሉ በላይ እጅ የሚበዛበት ዕቃ ጠገራ ብር ነው፤ ማርትሬዛ። የሚነገረው ውሸትም በዚያው ልክ ነው። «ተመልከት፣ 1780 ይላል፤ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል» ይባላል። ማርትሬዛ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተችበት ከ1780 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የትም ቢታተም፣ መቼም ቢታተም ያንኑ ዓመት ነው የሚይዘው። ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ አትመውታል፤ ጣልያን ለወረራው ስትዘጋጅ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ አስመታለች፤ ቪየና ዛሬም ታትማለች። ዓመቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። እውነተኛ ብር መሆኑን ግን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል።

ያልተበሳ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ በእጅ ብዛት የላሸቀው ወደ 27.5 ይወርዳል። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የብር መጠኑ ከ1000 833 ነው፤ ቀሪው መዳብ። ማግኔት መያዝ አይከፋም፣ ግን የሚያጋልጠው ብረት ያለበትን ብቻ ነው፤ ናስም እርሳስም እንደ ብር ማግኔትን ንቀውት ያልፋሉ። የሚያስተማምነው የውኃ ሚዛን ነው። እስከ 0.01 ግራም የምታነብ የወርቅ ቤት ትንሽ ሚዛን፣ የውኃ ብርጭቆና ክር ይበቃሉ። በቅድሚያ ሳንቲሙ ደረቁን ይመዘናል። ቀጥሎ ውኃ የያዘው ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ዜሮ ይደረጋል። ከዚያ ሳንቲሙ በክር ታስሮ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ሙሉ በሙሉ መስጠም አለበት፣ ወለሉንና ግድግዳውን ግን መንካት የለበትም። ሚዛኑ ያን ጊዜ የሚያነበው ቁጥር ለእውነተኛው 2.75 አካባቢ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉት 10.2 ይሰጣል። ውጤቱ ወደ 8.5 ከወረደ በብር የተቀባ ናስ ነው፤ ከ11 ካለፈ እርሳስ ተጨምሮበታል። ለጌጥ ተበስቶ ወይም ቀለበት ተበይዶበት ከሆነ ክብደቱ ብቻውን አያስረዳም፣ ማካፈሉ ግን አሁንም ይሠራል፤ የብየዳው ብረት ትንሽ እንደሚያዛባው እያሰቡ ማንበብ ነው። ክሩ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ሳንቲሙን ነቅነቅ አድርጎ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፈተናውን «አይሠራም» ብሎ የሚተወው በዚህች አረፋ ነው።

ቀጥሎ ያለው ስህተት የባለቤቱ ነው። ማርትሬዛን በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ አብለጭልጮ ማምጣት። ብሩ ያበራል፣ የፊቱ ጥልቅ መስመር ግን ይላጫል፤ ሰብሳቢው ደግሞ የሚፈልገው ጠቆር ያለውን ነው። በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን መጥረግ ይበቃል።

ከሳንቲሞቻችን ስሙኒና ሽልንግ ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ናቸው። በ1936 ዓ.ም. የተቀረጹት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ላይ ፲፱፻፴፮ ተጽፏል፤ አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚያው ቁጥር ታትመዋል። የ50 ሳንቲሙ ሽልንግ 7 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር ነው። ከመዳብ የተሠራው ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። መጠኑ ከሽልንጉ ጋር ስለተቀራረበ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ አበባ ጠርዝ ስሙኒ በየቤቱ አለ፤ ክቡ ግን ብርቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ ሁለቱንም በአንድ ሳህን ያቀርባቸዋል።

በእንጨት ዕቃ ላይ ፊቱን ማየት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ፊቱ ቫርኒሽ ነው። መሳቢያው ይወጣና ይገለበጣል። የድሮ የእጅ ሥራ ከሆነ የመሳቢያው ጥግ ጥርስ በጥርስ ተቆላልፎ እናገኘዋለን፤ ጥርሶቹም እኩል አይደሉም፣ ምክንያቱም በዓይን ተለክተው የተቆረጡ ናቸው። ጀርባው ላይ የመላጊያው ጉብጉብ በጣት ይታወቃል። ባለ መስቀል ብሎን የመጣው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ስለዚህ «የምኒልክ ዘመን» የተባለ ወንበር ላይ እሱ ከታየ ወይ ተጠግኗል ወይ ተዋሽቷል። ክብ ጠረጴዛ ደግሞ በሜትር ይጋለጣል። እንጨት በዓመታት ውስጥ በጅማቱ ርዝመት ሳይሆን በጎኑ ነው የሚኮማተረው። ስለዚህ እውነተኛ አሮጌ ክብ ጠረጴዛ በሁለት አቅጣጫ ሲለካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያል። ፍጹም ክብ ከሆነ አዲስ ነው፣ ወይም ኮምፔንሳቶ።

ነቀዝ ካለ ዋናው ጥያቄ በሕይወት አለ ወይ የሚለው ነው። ዕቃውን ጥቁር ጨርቅ ላይ አሳድሮ ጠዋት ማየት ነው፤ ከቀዳዳው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ነጣ ያለ ብናኝ ከወረደ ሥራ ላይ ነው። ትናንሽ ያልተቀቡ የእንጨት ዕቃዎች በፌስታል በደንብ ታሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ቢቀመጡ ነቀዙ ይሞታል። ሲወጡ ፌስታሉ ወዲያው አይከፈትም፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ አንድ ቀን ይጠበቃል፣ ካልሆነ ወዝ ይይዛቸዋል። ሥዕል ወይም ቀለም ያለበት ግን ፍሪዘር አይገባም።

ከአርሲና ከከረዩ አካባቢ የሚመጡት የወተት ዕቃዎቹ ጮጮና ኦኮሌ፣ እንዲሁም በርጩማ አዳማ ላይ ከአዲስ አበባ የተሻሉ ናቸው፤ ለቱሪስት ተብለው የተሠሩትም አብረው ይመጣሉ። የሚያታልሉት ውጫቸውን በጫማ ቀለም በማጥቆር ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ትንሽ ዘይት ነክቶ ቢታሽበት ቀለሙ ይለቃል። የወተት ዕቃ ከሆነ ክዳኑ ይነሳና ይሸተታል። ለዓመታት በወይራ ጭስ የታጠነ ጮጮ ጭሱና ቅቤው ግድግዳው ውስጥ ገብቷል፤ በውስጥ በኩል የጠቆረው ሽፋን በጥፍር አይፋቅም። አፉ አካባቢ፣ እጅ በሚይዝበት በኩል ብቻ፣ ልስልስ ብሎ ያልቃል። አስመሳዮች ይህን አያውቁም፤ ሁሉንም ቦታ እኩል ያሳሹታል።

የቫልቭ ሬዲዮ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ሶኬት ላይ መሰካት ነው፤ ብዙ ሬዲዮም የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። ውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ደርቀዋል፤ 220 ቮልት በአንድ ጊዜ ሲመጣባቸው ይፈነዳሉ፣ ትራንስፎርመሩንም ይዘው ይሄዳሉ። ጥገና የሚያውቁ ሰዎች የ60 ወይም የ100 ዋት የድሮ አምፖል ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ ያስሩና ነው የሚሞክሩት። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ተስፋ አለው፤ በሙሉ ኃይሉ በርቶ ከቀረ ውስጡ ሾርት ነው፣ መንቀል ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አንዳንዶቹ ሬዲዮኖች ደግሞ የውስጥ ብረታቸው በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጀርባው ተከፍቶ እያለ እጅ ማስገባት አደጋ አለው። ለካፌ ግድግዳ ከሆነ ከነጭራሹ ገመዱን ቆርጦ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ዕድሜው ከራሱ ይነበባል። መንኮራኩሩ ባለበት በቀኝ በኩል መደቡ ላይ ተከታታይ ቁጥር አለው። ቁጥር ብቻ ከሆነ ከ1900 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት የላቲን ፊደል ከቀደመው ከዚያ ወዲህ ነው፣ ፊደሉም ፋብሪካውንና ዓመቱን ያመለክታል። ይህን ዕቃ አስመልክቶ አንድ አሳፋሪ ወሬ አለ፦ በመርፌው ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚሉት፣ በእውን የሌለ ውድ ነገር አለበት የሚል። ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ይኸው ወሬ ተነስቶ የአሮጌ ሲንጀር ዋጋ ሰማይ ነክቶ፣ ሰው ገንዘቡን ተበልቶ ቀርቷል። ተመሳሳይ ነገር ስለ አሮጌ ቴሌቪዥንና ሬዲዮም ይወራል። ስለ ሜርኩሪ የሚጠይቅ ደላላ ጠረጴዛው ጋ ከቆመ ንግግሩን ማቆም ነው።

ስለ ሸክላ በአጭሩ፦ በ1960ዎቹ አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎች ውጭ አገርም ፈላጊ አላቸው፤ የሚያዋጡት ግን ካልተፋቁ ብቻ ነው። የአዳማ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ይጣመማል፣ ከተጣመመም አይመለስም።

ባዛሩ ራሱ እንዴት ይቁም?

አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቿ ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ሜዳ ላይ ድንኳን ዘርግቶ ወረቀት፣ ፎቶና ሸክላ ማቅረብ በአቧራ ማስፈተግ ነው። አዳራሽ ይሻላል፤ አባ ገዳ አዳራሽን ለመሳሰለ ሰፊ ቦታ አቅም ከሌለ የትምህርት ቤት አዳራሽ በዕረፍት ወቅት ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ 20 ጠረጴዛ ከ100 ይበልጣል። 100 ጠረጴዛ የሚሞላ ጥሩ ዕቃ በአንድ ቦታ ስለማይገኝ ቀሪው በሰልባጅና በአዲስ የቻይና ፋኖስ ይሞላል፤ ሰው ደግሞ ያንን አይቶ ነው ሁለተኛ የማይመጣው። ጠረጴዛ 1.80 ሜትር፣ በመሀል የሁለት ሜትር መተላለፊያ ይተዋል። መብራቱ ነጭ ይሁን። ቢጫ መብራት የሚወዱ ሻጮች አሉ፤ የጥገና ስፌትና የተቀባ ናስ በቢጫ መብራት ስለማይታይ ነው።

የጠረጴዛ ኪራይ በቁርጥ ይከፈል እንጂ ከሽያጭ በመቶኛ አይሁን። በመቶኛ ሲሆን ሻጩ ጥሩውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አያወጣም፤ ስልክ ተቀብሎ ከበር ውጭ ይሸጠዋል። አዘጋጁ ገንዘቡን ያጣል፣ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ዕቃው ምዝገባ አለማለፉ ነው።

ምዝገባው የባዛሩ አከርካሪ ነው። ዓለም አቀፍ ሙዚየሞችና ፖሊሶች የሚጠቀሙበት ኦብጀክት አይዲ የሚባል የመግለጫ ሥርዓት አለ፤ ከፎቶው ሌላ የሚጠይቀው ዘጠኝ ነገር ነው፦ የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገርና አሠራሩ፣ ልኩ፣ ያለበት ጽሑፍና ምልክት፣ ልዩ መታወቂያው፣ ስያሜው፣ የሚያሳየው ነገር፣ ዘመኑና የሠራው ሰው። ለተራ ፋኖስ ዘጠኙን መሙላት ድካም ነው። ነገር ግን ከአምስቱ በታች መውረድ የለበትም፣ በተለይ «ልዩ መታወቂያው» የሚለው መዝለል የለበትም። ስንጥቁ የት ነው፣ የትኛው እግሩ ተቀይሯል፣ ብየዳው በየት በኩል ነው። ሁለት ተመሳሳይ ፋኖሶች የሚለዩት በዚህ ነው። ከዚህ ጋር የሻጩ መታወቂያ ቁጥርና ዕቃውን ያገኘበት መንገድ አንድ መስመር ይጻፋል፤ «ከአያቴ» የሚል መልስ የየት አካባቢ አያት እንደሆነ ካልተጨመረበት መልስ አይደለም።

የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለሙያ በሩ ላይ እንዲቀመጥ ቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ትላልቅ ትርዒቶች ገዢ ከመግባቱ በፊት የባለሙያዎች ቡድን ጠረጴዛ በጠረጴዛ ዞሮ አጠራጣሪውን ያስነሳል። እዚህም ከመክፈቻው በፊት ባለው ምሽት ሁለት ሰዓት ቢመደብ ይበቃል። የሚነሳው ዕቃ ወዲያው «ሌባ» አያሰኝም፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ምን እንደያዘ አያውቅም። ስለዚህ ለመሸጥ ሳይሆን ለማስመዝገብ የሚያመጡ ሰዎች የሚስተናገዱበት የተለየ ጠረጴዛ ቢኖር ጥሩ ነው። ይህ ጠረጴዛ ወረፋ የሚበዛበት ይሆናል ብለን እንገምታለን፤ ሰው የያዘውን ማወቅ ከመሸጡ በላይ ይፈልጋል። የእንግሊዙ ቢቢሲ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚሁ ጉጉት ላይ ብቻ የቆመ ፕሮግራም ያስተላልፋል።

ቆራሌዎችም መጋበዝ አለባቸው። ዕቃው አስቀድሞ የሚያልፈው በእነሱ እጅ ነው። ከመክፈቻው በፊት አንድ ሰዓት በነፃ ቦታ ተሰጥቷቸው ለሻጮቹ ቢያቀርቡ፣ ከኪሎ ዋጋው ሁለት እጥፍ እንኳ ቢከፈላቸው፣ በሚቀጥለው ወር ታይፕራይተርና የናስ ፋኖስ ከማቅለጫው ይተርፋል። ምዝገባው ለእነሱም ይሠራል፤ ከየት ሰፈር እንደገዙት ይጻፋል።

ብዙ ባዛር የሚረሳው የመመለሻ ደንብ ነው። ደረሰኙ ላይ ሻጩ የተናገረው በጽሑፍ ይግባ፦ «ብር 833»፣ «የሚሠራ»፣ «ሙሉ ዝግባ»። ገዢው በሁለት ቀን ውስጥ ከዚያ ውጭ መሆኑን ካሳየ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ለዚህም አዘጋጁ ከእያንዳንዱ ሻጭ መያዣ ይቀበላል፣ በሦስተኛው ቀን ይለቀዋል። «የሚሠራ» ተብሎ ያልተጻፈበት ሬዲዮ አይመለስም። ከውጭ ለመጡ ገዢዎች ደግሞ ደረሰኝ ብቻውን ቦሌ ላይ እንደማያሳልፍ፣ የመውጫ ፈቃዱ የሚሰጠው ከቅርስ ባለሥልጣን እንደሆነ ገንዘቡን ከመቀበል በፊት ይነገራቸዋል።